ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሶኬት

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም እቤታችን እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ወጥ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። እናቴ መጀመሪያ የጠረጠረችው ድመቷን ነው፣ ቀጥሎ ጎረቤትን። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ግቢ ገና አላለቀም።) እኔም የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ ባይ አፍንጫዬን ይዤ አልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። ጠጋ ብዬ ሳሸት ሽታው ከምጣዱ ሶኬት ነው። ስፒናው ሲነካ ያቃጥላል። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቼ በካቻቪቴ ስፈታው አንዱ ብሎን ላልቷል፣ ሽቦው ጠቁሯል፣ ከጀርባው ያለው ኮምፔንሳቶም ከሰል ለመሆን ጥቂት ቀርቶታል። ደነገጥኩ።

እስቲ እናስላው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው ብሎን 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ የከረንቱ ስኩዌር በሬዚስታንሱ ሲባዛ ወደ 26 ዋት ይሆናል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ላባችን ያለው ሶልደሪንግ አይረን 30 ዋት ነው፤ እሱ ሊድ ያቀልጣል! ፊውዙስ ምን ይሠራል? ምንም። ከረንቱ አልጨመረም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያስጠነቅቀው አፍንጫ ብቻ ነው።

ሽታው ለምን የዓሣ ሆነ? ብዙ ሶኬቶችና ስፒናዎች የሚሠሩት ከዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ አይቀልጥም፤ ሲግል ይፈርሳል። ናይትሮጅን ስላለው አሞኒያና አሚን የሚባሉ ጋዞች ይለቃል (ከዱዓው አሚን ጋር ዝምድና የለውም)። ዓይን የሚቆጠቁጠው ደግሞ አብሮ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ ነው። የተበላሸ ዓሣም የሚሸተው ትራይሜቲላሚን በተባለ አሚን ስለሆነ አፍንጫችን ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ካፓሲተርም እንዲሁ ያታልላል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ አንዳንድ ቪዲዮ ካሜራዎችና ኮምፒውተሮች ውስጥ ያሉ ትንንሽ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ኳተርነሪ አሞኒየም የሚባል ጨው አለበት። ያፈሰሰውን ለመንቀል ሶልደሪንግ አይረን ስናስጠጋ ጨዉ ፈርሶ አሚን ይወጣል፣ ላቡም የዓሣ ገበያ ይሆናል። እዚያ የሚበላው ግን ቦርዱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

የጋለ የፒቪሲ ሽቦ ሌላ ነው፤ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ስለሚለቅ ጉሮሮ ይከረክራል። ቻርጅ ላይ የከረመ የመኪና ባትሪ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ መርዝ ነውና መመራመሩን ትቶ መውጣት ይሻላል።

ሶኬቱን ቀየርኩት፣ የጠቆረውን ሽቦ እስከ ደህናው ቆርጬ ብሎኑን አጠበቅኩ። እናቴ አሁን ሊጡን ከመጥለቋ በፊት ሶኬቱን ታሸታለች። ድመቷ ግን እስካሁን ወጥ ቤት አትገባም።