ስለ ታሪክ ፈተናና ስለ ምርጫ ጥያቄ

ብዙ ሰዎች የምርጫ ጥያቄ ቀላል ነው ይላሉ፤ መልሱ ከፊታችን ተጽፎ ሳለ ማመልከት ብቻ ነውና። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን በሙከራው ፈተና ላይ የዐድዋ ጦርነት በስንት ዓመት ተደረገ ለሚለው ጥያቄ ያለ አንዳች ማመንታት 1888 የሚለውን መረጥሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቤታችን የሰማሁት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበርና። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠረ ስለ ሆነ መልሱ 1896 ነበር። የማላውቀውን ብሳሳት ባልከፋኝ፤ የማውቀውን መሳሳቴ ግን አንገበገበኝ። ስለዚህ ከእኔ ጋራ ለብሔራዊው ፈተና ለሚዘጋጁት ጓደኞቼ የደረስሁበትን ለመጻፍ ወደድሁ።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም 7፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት እንደሚጨመር ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የእኛ አንድ ዓመት በእነርሱ ዘንድ ለሁለት እንደሚከፈል ልብ የሚል ጥቂት ነው። ዐፄ ዮሐንስ ግብጾችን ድል ያደረጉባቸው የጉንደትና የጉራዕ ጦርነቶች በእኛ ሁለቱም በ1868 ዓ.ም. የተደረጉ ናቸው፤ በእነርሱ ግን ጉንደት 1875፣ ጉራዕ 1876 ነው። አምባ አላጌም በኅዳር 1888 ዓ.ም. ስለ ሆነ 1895 ይባላል እንጂ እንደ ዐድዋ 1896 አይባልም። ይብሱን የሚያደናግረው ደግሞ ያው ቁጥር በሁለቱም አቈጣጠር ሌላ ሌላ ታሪክ መያዙ ነው። 1868 በአውሮፓውያን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱበት ዓመት ነው። 1889 በእነርሱ የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ በእኛ ደግሞ ያ ውል በአዲስ አበባው የሰላም ውል የተሻረበት ነው። እንግዲህ እኔ አሁን በደብተሬ ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን፣ ከነወሩ እጽፋለሁ። ወሩ ካልታወቀ 7 ይሁን 8 የሚጨመረው አይታወቅምና።

ሁለተኛው ነገር፣ ጥያቄውን አንብቦ ምርጫዎቹን በመዳፍ መሸፈን ነው። መልሱን አስቀድሞ በልቡ ያሰበ ሰው በተሳሳተው ምርጫ በቶሎ አይታለልም። መልሱ ካልመጣለት ግን ሊሆን የማይችለውን ይሰርዝ። ለምሳሌ የውጫሌን ውል ከኢጣልያ ጋር የተዋዋለው ንጉሥ ማን ነው ተብሎ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክና ልጅ ኢያሱ ቢቀርቡልን፣ ቴዎድሮስ ከሞቱ 21 ዓመት አልፏል፤ ኢያሱም ገና አልተወለዱም። የሚያስቸግሩት ዮሐንስ ናቸው፤ ምክንያቱም በዚያው በ1889 ነበሩና። ነገር ግን መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት ወር ነው፤ ውሉ የተፈረመው በሚያዝያ ነው። የቀሩት ምኒልክ ብቻ ናቸው። ነገሥታት የሞቱበትን ጊዜ ማጥናት ይህን ያህል ይጠቅማል።

ምርጫዎቹ ሁሉ እውነት የሚሆኑበትም ጊዜ አለ። ኢጣልያ ምፅዋን በ1885 ያዘች፤ ራስ አሉላ በ1887 በዶጋሊ ድል አደረጉ፤ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በኢጣልያንኛው ተለያየ። ሦስቱም እውነት ነው። ጥያቄው ግን ምኒልክ ውሉን ለምን አፈረሱ ከሆነ መልሱ ሦስተኛው ብቻ ነው። እውነት የሆነውን ሳይሆን የተጠየቀውን እንፈልግ። «በስተቀር» ወይም «ያልሆነው» የሚል ቃል ሲገኝማ ከሥሩ አስምሮ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ የመጀመሪያውን መልስ መለወጥ ነውር ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ይህን ነገር የመረመሩ ጥናቶችም ተማሪዎች የሚለውጡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከስሕተት ወደ ትክክል እንደሚሄድ አሳይተዋል። ነገር ግን ምክንያት ሲገኝ ነው እንጂ በፍርሃት አይደለም። ለስሕተት ነጥብ የማይቀነስ ከሆነም ባዶ መተው ከንቱ ነው፤ ከአራቱ ሁለቱን የሰረዘ ሰው እኩል በእኩል ዕድል አለውና።

የቀረው የመልስ ወረቀቱ ነው። አንድ ጥያቄ ዘሎ ቁጥሩን ሳይዘል የቀረ ሰው ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያበላሻል። እኔ በየ10 ጥያቄው ቆም ብዬ የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር አስተያያለሁ፤ ጊዜ የሚፈጀውም ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።