ምዕራፍ 7፦ ሁለት ጓደኛሞች ጃፓን ሲሄዱ

ጃፓንን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚያዩ ሁለት ጓደኛሞችን የሚያጣላቸው ይሉኝታ ነው። አንዱ እግሩ ዝሏል፤ "ትንሽ እንረፍ" ለማለት ግን ያፍራል። ሌላው ገንዘቡ እየሳሳ ነው፤ ምግብ ቤቱ ውድ ነው ለማለት ግን አንደበቱ አይፈታም። ጾመኛዋ ጓደኛዋን ላለማስከፋት የማትበላውን ታዛለች። ሳምንቱ ሳይጋመስ ሁለቱም ያኮርፋሉ፤ ለምን እንዳኮረፉ ግን አንዳቸውም አይናገሩም። ያን ያህል ርቀት ተሄዶ፣ ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት የተገኘ ጉዞ እንዲህ ሲባክን በጣም ያሳዝነኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ጉዳይ ብቻ ተቀመጡ።

የቪዛው ወረቀት ራሱ ለንግግሩ በር ይከፍትላችኋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ለሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ከሚያቀርባቸው ሰነዶች መካከልም በየቀኑ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ይህን ዝርዝር አንዳችሁ ብቻውን ሞልቶ ለሌላው አያቀብለው። አብራችሁ ጻፉት፤ ማን ምን ለማየት እንደሚጓጓ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ የጻፉትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የማግኘት ዕድል ካላችሁ፣ ከዝርዝሩ በፊት ሁለታችሁም አንብቡት።

ብዙ ጊዜ ደግሞ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ ተነስቶ ቶኪዮ ላይ ለመገናኘት ይቀጣጠራሉ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ቀኑን የሚቆርጠው ቪዛ የሚጠብቀው ጓደኛ ይሁን፤ ሌላው ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት ቀድሞ ገዝቶ አያስጨንቀው። ከአሜሪካ የሚመጣው መድኃኒቱንም ያጣራ። እዚያ በሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው አደራል አምፌታሚን ስላለበት፣ ማዘዣ ቢኖረውም እንኳ ጃፓን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ደግሞ ቋንጣውን ቤት ይተው፤ የምርመራ ሰነድ የሌለው የሥጋ ውጤት በሻንጣ አይገባም።

ስለ ወቅቱ ብዙ አልልም። በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪው አበባ ይፈካል፤ ሆቴሉ ይወደዳል፣ ሕዝቡም ይበዛል። ኦገስት ወበቁ ያዝላል። ለመጀመሪያ ጉዞ እኔ የምመርጠው ኖቬምበርን ነው፤ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ደረቅ ነው፣ የዛፉም ቅጠል ቀልቶ ያምራል።

ገንዘብ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እኛ ስንበላ "እኔ ልክፈል" እየተባባልን እንታገላለን። ደግ ልማድ ነው፤ ለሁለት ሳምንት በየን ሲደረግ ግን አንዱን ያራቁታል፣ ሌላውን ባለዕዳ ያደርጋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጋራ ቦርሳ ያዙ። ሁለታችሁም እኩል፣ ለምሳሌ 20,000 የን አዋጡ፤ ምግቡ፣ ታክሲውና የመግቢያው ክፍያ ከዚያ ይውጣ፤ ሲያልቅ እንደገና እኩል አዋጡ። የግል ግዢ ከግል ኪስ ነው። አገሩም ያግዛችኋል። ራመን የሚባለው የኑድል ሾርባ በሚሸጥባቸው ብዙ ቤቶች በር ላይ ማሽን ስላለ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ከፍሎ ቲኬቱን ለአብሳዩ ይሰጣል። ጉርሻም የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁት ብለው ሊከተሏችሁ ይችላሉ። ለከተማ ባቡርና አውቶቡስ ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ እየሞላችሁ ትጠቀማላችሁ፤ አንድ ካርድ ሁለት ሰው ስለማያሳልፍ ለየራሳችሁ ያዙ።

ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ፈጣኑ ባቡር ነው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በኖዞሚ ሺንካንሰን ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ይፈጃል፤ ለአንድ መንገድ 14,000 የን አካባቢ ይከፈላል። ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጠው የ7 ቀን የባቡር ፓስ ዋጋው 29,650 የን የነበረበት ጊዜ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ግን ወደ 50,000 የን ወጣ። ከዚያ በፊት የሄደ ወዳጅ "ፓስ ሳትገዙ እንዳትሄዱ" ቢላችሁ በዘመኑ ትክክለኛ ምክር ነበር። ዛሬ ግን ኪዮቶ ደርሶ ቶኪዮ ለሚመለስ ሰው ፓሱ ኪሳራ ነው፤ የቶኪዮና የሂሮሺማ ደርሶ መልስ እንኳ ብቻውን 50,000 አይሞላም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ መንገዳችሁን ደምሩ፣ ከዚያ ወስኑ።

ክፍል ስታስይዙ "ትዊን" የሚለውን ፈልጉ፤ ሁለት አልጋ ያለው እሱ ነው። "ሰሚ ደብል" የሚባለው ስፋቱ 120 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንድ አልጋ ነው፤ ርካሽ ነው ብላችሁ ከያዛችሁት ሁለታችሁም እንቅልፍ ታጣላችሁ። በባህላዊው ማረፊያ፣ በርዮካን፣ ማደር ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ስለ ፍል ውኃው ተነጋገሩ። ወንድና ሴት ለየብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሰው የሚገባው ራቁቱን ነው፣ ያውም ከመግባቱ በፊት ገላውን በሚገባ ታጥቦ። ከጓደኛ ፊት ልብስ ማውለቅ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ ይህም ሊከበርለት ይገባል። ብዙ ቦታ ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ አለ። ንቅሳት ያለባት እህት ካለች ደግሞ አንዳንዶቹ የጋራ መታጠቢያዎች ስለማያስገቡ ይኸው የብቻው ይሻላታል።

ምግቡን በተመለከተ ጾመኛ የሆነ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ፣ የተቀቀለው ጎመን፣ ከቶፉው ጋር የሚመጣው ማጥለቂያ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የተሠራው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው፤ ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው የሚወጣው ከደረቀ ዓሣ ነው። ስለዚህ "ሥጋ አልበላም" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ጓደኛም "ምን አለበት፣ አትክልት እኮ ነው" ብሎ አይገፋፋ። ለጾመኛ ደስ የሚለው ቦታ ከኦሳካ በስተደቡብ ያለው የኮያሳን ተራራ ነው። እዚያ የቡድሂስት ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ የሚያቀርቡት ምግብ ሥጋም ዓሣም የሌለበት፣ መረቁም ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ የወጣ ነው። የጾምን ነገር የሚያውቅ ሰው እዚያ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ባይተዋርነት አይሰማውም። ሙስሊም ጓደኛም የራመኑ መረቅ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንት እንደሚወጣ፣ በየወጡ የሚጨመረው ሚሪንም አልኮል እንዳለበት ይወቅ፤ ዮዮጊ ኡዬሃራ የሚገኘው የቶኪዮ ጃሚ መስጊድ ለጸሎትም ለምክርም ጥሩ መነሻ ነው።

በዚህ ምዕራፍ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ በየሁለት ሦስት ቀኑ ለግማሽ ቀን ተለያዩ። በእኛ ልማድ አብሮ የወጣን ሰው ትቶ መሄድ እንደ መክዳት ይቆጠራል፤ በዚህም ምክንያት ሙዚየም የሚወደው ሰው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲዞር ይውላል። ጃፓን ለብቻው ለሚውል ሰው እጅግ የተመቸች ናት። ባንኮኒ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሚበላ ሰው ማንንም አያስገርምም። አንዱ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ባሉበት በአኪሃባራ ይዋል፣ ሌላው ኡኤኖ ወዳለው የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ፤ በያማኖቴ መስመር የሁለት ፌርማታ መንገድ ነው። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ለሌላው የሚያወሩት አዲስ ነገር ይኖራቸዋል።

ለመለያየቱም ሥርዓት አብጁለት። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፓስፖርት ያዙ፤ ጎብኚ ፓስፖርቱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳልና አንዱ የሁለቱንም መያዙ አይሆንም። "ሺንጁኩ ጣቢያ እንገናኝ" አትባባሉ፤ ከ200 በላይ መውጫ ስላለው ስትፈላለጉ ይመሽባችኋል። የመውጫውን ስም ቁረጡ። ሺቡያ ከሆነ ሰው ሁሉ የሚቀጣጠርበት የሃቺኮ ሐውልት አለ፤ ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ እስከ 1935 ድረስ ጣቢያው በር ላይ ሲጠብቀው የኖረው ውሻ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ስልክ ቢቋረጥ የምትገናኙበትን ቦታም አስቀድማችሁ ወስኑ። የፖሊስ ቁጥር 110፣ የአምቡላንስ 119 ነው። ጓደኛችሁ ዘግይቶ ሺንካንሰኑ ቢያመልጣችሁም አትጨቃጨቁ፤ በአዘቦት ቀን ያንኑ ቲኬት ይዛችሁ በዚያው ቀን በሚቀጥለው ባቡር ቦታ ባልተያዘለት ፉርጎ መሄድ ይቻላል።

ባቡር ውስጥ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ስልክ ማውራት እዚያ ነውር ስለሆነ ወደ ቤት የምትደውሉት ከወረዳችሁ በኋላ ይሁን። ሰዓቱን ለማስላት ደግሞ አትቸገሩም። ጃፓን ከኢትዮጵያ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ባለ ቆጣሪ ሰዓት የሚያሳየው ቁጥር ከቶኪዮው ጋር አንድ ነው፦ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ነው። እናታችሁ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ግን እናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 2 ሆኗልና ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

አንዱን ቀን ግን አብራችሁ ዋሉልኝ። አበበ ቢቂላ ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ሩጫው ከብሔራዊ ስታዲየሙ ተነስቶ በኮሹ ካይዶ መንገድ ወደ ምዕራብ ሄዶ ቾፉ ላይ ዞሯል። የያኔው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል፤ ቾፉ ውስጥ መዞሪያው የነበረበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ግን አለ። ሺንጁኩ ላይ የኬዮን መስመር ያዙና ቶቢታኪዩ ውረዱ፣ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። በዕድሜ የገፉ ጃፓናውያን ከየት እንደመጣችሁ ሲሰሙ "አበበ!" ይሏችኋል። ቆም ብላችሁ አጫውቷቸው፤ በዚያ ቀን ሦስተኛ የወጣው የእነሱው ልጅ ኮኪቺ ትሱቡራያ ነበርና፣ ስሙን በአክብሮት ብታነሱላቸው ጨዋታው ይረዝማል።