ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ጉማራ ሲደፈርስ

ለከተማ ተማሪ ክረምት የዕረፍት ጊዜ ነው። ለገበሬ ልጅ ግን የሥራ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ የእርሻው ሥራ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይበረታል። ይህን እናንተ ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ በአንድ ሰኔ እኛ ቤት የሆነውን ነው። ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ እኅቴ አራተኛን ጨርሳለች።

ቤታችን ደራ ወረዳ ውስጥ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው መንገድ ወደ ሐይቁ ወረድ ሲሉ፣ ጉማራ ወንዝ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። የሚያጠምዱት በሞተር ጀልባ አይደለም፤ በደንገል ታንኳ ነው። ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በገመድ ይታሠራል፤ ታንኳ ይሆናል። ውኃ እየጠጣ ሲከብድና ሲበሰብስ ይጣላል፤ ሌላ ይሠራል።

በሰኔ ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አባቴ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሬ ይጠምዳሉ። ከፍ ያለው መሬታችን ላይ ዳጉሳ ይዘራል። ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ደግሞ ሩዝ ይዘራል። ሩዝ በእኛ አገር የአያት ቅድመ አያት እህል አይደለም። ወደ ፎገራና ወደ ደራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው እዚያው ደራ ካለችው ከጅግና ነው። ድሮ ውኃ ተኝቶበት ከግጦሽ በቀር ብዙ የማይጠቅመው ሜዳ ዛሬ እህል ያበላል።

እናቴ ኩበቱንና እንጨቱን ዝናብ ሳይቀድማት ከጣራ ሥር ታስገባለች። በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ትቆፍራለች። እኔና እኅቴ አፈሩን እናወጣለን። ትንሹ ወንድማችን ጥጃ ያግዳል። የጣና ውኃ በዓመቱ ውስጥ በጣም ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ስለሆነ በዳሩ ሣር አይጠፋም። ከዚያ ውኃው እስከ መስከረም ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል፤ ከብቱም ወደ ደጋው ይሸሻል።

ሰኔ ላይ ጎታው ይጎድላል። ይህንንም ታውቁታላችሁ። እናቴ የዘሩን እህል ለብቻው በስልቻ አድርጋ ከጭሱ በላይ ትሰቅለዋለች። ቤት ውስጥ የቱንም ያህል ችግር ቢኖር ወደዚያ ስልቻ እጁን የሚዘረጋ የለም። ይህን ስልቻ ልብ በሉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤቱ ካርድ የሰጠን ዕለት ዝናብ እየዘነበ ነበር። ካርዱን በፌስታል ጠቅልለን እየሮጥን ገባን። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ካርዱን አንባቢዎቹ እኛው ነበርን። እናትና አባታችን ፊታችንን ዐይተው ነው ማለፍ መውደቃችንን የሚያውቁት። እናቴ ግን በ2007 ዓ.ም. በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። ካርዱን ከእኅቴ እጅ ወሰደችና ወደ በሩ ብርሃን ተጠጋች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ «ተ… ዛ… ው… ራ… ለች» አለች። እንደገናም አንድ ላይ አነበበችው። «ተዛውራለች!» ደስታዋን አልረሳውም። እናንተም የልጃችሁን ካርድ በራሳችሁ ዓይን ስታነቡ ይገባችኋል።

አባቴ ደስ አላቸው፤ ግን ወዲያው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ሁለቱም አለፉ። ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ ዩኒፎርሙ የሁለት ሰው ነው። እኔ የማየው የአንድ ሰው ብቻ ነው» አሉ። የአንድ ሰው ሲሉ ማንን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኅቴ ተነሥታ ወደ ምድጃው ሄደች። እኔ ወንዱ እንደምቀጥል፣ እሷ ደግሞ «አንድ ዓመት እንደምትቆይ» ሁላችንም ገብቶናል። አንድ ዓመት የቆየች ልጅ ተመልሳ ስትገባ በሠፈራችን ብዙ አላየሁም።

አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እያሰቡ ቆይተው፣ «ጉማራ ደፍርሷል። ዘንድሮ ዓሣው በደንብ ከወጣ ሁለቱም ይማራሉ» አሉ።

ለመሆኑ ጉማራ ሲደፈርስ ዓሣው ለምን ይወጣል? ጉማራ የሚነሣው ከጉና ተራራ ነው። ጉና ላይ ሲዘንብ ውኃው የማሳውን አፈር ጠርጎ ይወርዳል፤ ወንዙም ይሞላል። በዚህ ጊዜ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ በሐይቁ ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ወደ ወንዙ አፍ እየመጣ ይሰበሰባል። ሴቷ ሆዷ በዕንቁላል ተወጥሯል። ከዚያ ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ትንንሽ ገባሮችን ነው። እዚያ ውኃው ንጹሕ ሆኖ በጠጠር ላይ ይፈስሳል። ዕንቁላሉ የሚጣለው ጠጠሩ ላይ ነው። ጭቃ የለበሰ ዕንቁላል አየር አጥሮት ይሞታልና። ዓሦቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

በጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የተማሩ ሰዎች አሥራ ሰባት ዓይነት ለይተዋል። ከእነዚህ አሥራ አምስቱ ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ስለሆነ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። የጣናው ዓሣ ለብቻው ተዋልዶ ለብቻው ተለያየ። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሰባቱ የሚራቡት ወንዝ ወጥተው ነው። ቀረሶና አምባዛ ግን ሌላ ናቸው፤ እነሱ ሌላም አገር አሉ።

የሳይንስ መምህራችን ይህን ነግረውን ስለነበረ እኔ አፌን ከፈትኩ። «አባ፣ አሁን የሚወጣው እኮ ዕንቁላል የያዘው ነው። አንዷን ስንይዝ የሺዎችን እናት መያዛችን ነው» አልኩ። አባቴ ሣቁ። «መምህርህ ሳይወለድ እኔ አውቀዋለሁ። ሆዱን የምቀደው እኔ አይደለሁም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገበሬ የማያውቀውን ነገር የነገርኩ መስሎኝ ነበር።

መልስ ያገኘሁት ከእናቴ ነው። ወደ ስልቻው ቀና ብላ እያየች፣ «ታዲያ ዘር ይበላል?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አባቴ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ዘሩ የኔ ነው፤ እሰቅለዋለሁ። ዓሣው የማን ነው? እኔ ብተወው ሌላው መረቡን ዘርግቶ ያድራል» አሉ። ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ስለ ጣና ሳነብ ንግግራቸው ትዝ ይለኛል። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና ሰፋፊ መረብ የገባው በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ ነጭ ዓሣው በአሥር ዓመት ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ከቀነሰበት ምክንያት ዋናው በመራቢያው ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መያዙ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገው የአባቴ የደንገል ታንኳ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ቢሆንም ታንኳም ብትሆን የምታድረው እዚያው ወንዝ አፍ ላይ ነው።

ዓሣ ደግሞ አያልቅም የሚል ካለ ይህን ይስማ። ፊሊፒንስ በሚባል ሩቅ አገር ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያም እንደ ጣና፣ ከሐይቁ ውጭ የማይገኙ ዘመዳሞች ዓሦች ነበሩ። ከሌላ ቦታ የመጣ ባዕድ ዓሣ ተለቀቀበት፤ ማጥመዱም በዛ። ዛሬ አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዚህ ንግግር በኋላ ሁለት ቀን ሳይሞላ ከአጎቴ ልጆች ጋር ሆኜ የቤታችንን አጎበር ይዤ ወንዝ ወረድኩ። አጎበር ዐይኑ ጠባብ ነውና ምንም አያሳልፍም። የጣት ቁመት እንኳ የሌላቸውን ጫጩት ዓሦች ሰብስበን ወጣን። ግማሹን ጣልነው። ዓሣ ጎጂው አባባ ነው ስል የከረምኩ ልጅ ይህን አደረግሁ። እናቴ የተቆጣችው ግን ስለ ዓሣው ብቻ አይደለም። አጎበሩ ተቀዷል። በጣና ዳር ወባ የሚበረታው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ በግንቦትና በሰኔም አይጠፋም። ያን ሌሊት አጎበሩን በመርፌ ስትሰፋ አመሸች፤ እኔ ኩራዝ ያዝኩላት።

ሰፍታ ስትጨርስ የራሷን ደብተር አወጣች። ፊደል የተማረችበት ደብተር ነው፤ ከኋላው ያልተጻፈበት ገጽ ነበረው። «እስቲ የመስከረሙን አሁን እንጻፈው» አለች። አባቴ፣ «የመስከረም ነገር ለመስከረም ነው» አሉ። እሷ ግን መጻፍ ጀመረች።

በአንድ በኩል የሚያስፈልገውን ጻፈች። ለእኔ ስምንት ደብተር፣ ለእኅቴ ስድስት፣ እስክሪብቶ፣ ለእኅቴ አንድ ዩኒፎርም። የእኔው አሮጌ ዩኒፎርም እግሩ ይለቀቅና ይበቃዋል ተባለ። በሌላው በኩል ከየት እንደሚገኝ ጻፈች። ይህኛው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ጫጩቶቿን ቆጠረች። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ስለሆነ፣ በዋዜማው ገበያ ዶሮ ዋጋ ያወጣል። አምስቱን ለዚያ ቀን መደበች። ከጓሮው ጌሾ ጻፈች። እኔ በሐምሌና በነሐሴ የሰው ሩዝ አርሜ የማገኘውን ጻፈች። እኅቴም፣ «እኔም አርማለሁ» አለች፤ ስሟ ተጻፈ። የጎደለው ሲታይ እንደ ተፈራው ብዙ አልነበረም። አባቴ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ «የጎደለችው የስንት ሌሊት መረብ ናት?» ብለው ጠየቁ። አስልተን አራት ሌሊት አልን። እሳቸው ለካ ክረምቱን በሙሉ ሊያድሩበት አስበው ነበር።

እናንተም ደብተር ካላችሁ ይህን መሞከር ትችላላችሁ። ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ የሚያስፈልገውን፣ በቀኝ የሚገኝበትን ጻፉ። የፊደሉ ማማርና አለማማር አያሳስባችሁ። ጳጉሜን ላይ የሚጻፍ ሒሳብ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይወስዳል፤ ሰኔ ላይ የተጻፈ ግን ሁለት ወር ጊዜ አለው።

አባቴ አራቱን ሌሊት አጠመዱ። ሁለቱን ከወንዙ አፍ ርቀው ወደ ሐይቁ ገብተው ቀረሶ ፈለጉ፤ ያገኙት ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር ቀረሶም በክረምት ይራባል፤ ቢሆንም እንደ ነጭ ዓሣ በአንድ በር ተሰብስቦ አይጠብቅም። ሁለቱን ሌሊት ወንዙ አፍ ላይ አደሩ። መረቡን ግን ከዳር እስከ ዳር አልዘረጉትም። ከወንድማቸው ጋር ተነጋግረው መሐሉን ክፍት ተዉት። ሌሎቹ ሣቁባቸው። አንዱ ጎረቤት በሦስተኛው ቀን በዚያው ክፍት ቦታ የራሱን መረብ ጣለበት። አባቴ ተናደው ገቡና፣ «አላልኩሽም?» አሏት እናቴን። እሷም፣ «ብለኸኛል» አለች። ከዚያ በላይ ክርክር አልነበረም።

ወንዝ ላይ ብርብራ ቀጥቅጦ ከሚጨምር ሰው ግን ጎረቤታችን ይሻላል። ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም ይገድላል። በመርዝ ማጥመድ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ የተከለከለ ነው።

ዶሮዎቹ ሐምሌ 4 ቀን ሐሙሲት ገበያ ተሸጡ። አንዷን ጭልፊት ስለወሰደብን አራት ብቻ ነበሩ። ሩዙን አረምን፤ ጣታችን በውኃ ተላጠ። ጌሾው ከታሰበው በላይ አወጣ። እናቴ የተገኘውን ሁሉ በየቀኑ በቀኙ በኩል ትጽፍ ነበር። መስከረም ሲጠባ አባቴ ባሕር ዳር ሄደው ደብተሩን ገዝተው መጡ። ሲቆጠር አሥራ ሦስት ነው፤ አንድ ጎደለ። እናቴ አንዱን ወፍራም ደብተር ከስፌቱ ላይ በቢላ ለሁለት ከፈለችው። ሽፋን ያለውን ግማሽ እኅቴ ወሰደች፤ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ጻፈችበት።