አደንዛዥ ዕፅ፣ ሕጉና ሕመምተኛው



ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሰው፣ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚጓዙ ቤተ ሰቦችን ያገኛል። ወጣት ልጃቸውን ግራና ቀኝ ደግፈው የሚወጡም አሉ። ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ «ሱስ ነው» ይሉና ወዲያው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው የኀፍረት ብቻ አይመስለንም፤ ፍርሃትም አለበት። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህን ፍርሃት ነው።

አንዲት እናትን እናስብ። ልጇ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ሸጦ ጨርሷል፤ በመጨረሻ የእርሷን ጋቢ ወስዷል። ጎረቤት «ለፖሊስ ንገሪ» ይላታል። ብትናገር ምን ይሆናል? የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስሁም ካለ «ጊዜ ቀጠሮ» ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ነገር ግን ሊደጋገም ይችላል። በነዚህ ቀናት ልጁ ያለ ሐኪም ከሱሱ ጋር ይታገላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ክስ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ያመረተውን፣ ያከማቸውን፣ ያሠራጨውንና የሸጠውን፣ እንዲሁም ይዞ የተገኘውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘረዝርና ቅጣቱን ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር የሚደርስ መቀጮ ያደርገዋል። ተጠቃሚውም በዚሁ አንቀጽ ሥር ይገኛል። በእርግጥ ዳኛ የቅጣት ማቅለያ ምክንያቶችን ሊቀበል ይችላል። ይሁን እንጂ በኪሱ ጥቂት ቅጠል የተገኘበት ልጅና ያንን ቅጠል በጆንያ የሚያመላልሰው ነጋዴ ጉዳያቸው የሚጀምረው ከአንድ በር ነው። በአየር መንገድ በኩል ኮኬይን በሻንጣ ሲያሳልፍ የተያዘ ድኻ መልእክተኛም እንዲሁ፤ የሻንጣው ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ በሌላ አገር በሰላም ይኖራል።

ደግሞም ሕጉ ያሰመረው መስመር ሁልጊዜ የጉዳቱን ልክ አይከተልም። ጫት በአገራችን የተፈቀደ፣ ግብር የሚከፈልበትና የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት ነው፤ ይኸው ቅጠል ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በብሪታንያ የተከለከለ ዕፅ ሆኖአል። የጎዳና ልጆች ረኃብና ብርድ ለመርሳት የሚስቡት ማስቲሽም ከማንኛውም ሱቅ ይገዛል። ይህን ማለታችን እነዚህም ይከልከሉ፣ ባለ ሱቁም ይታሰር ለማለት አይደለም። ሱስን በእስራት ብቻ መለካት እንደማይቻል ለማሳየት ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ግን አለ። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የ1988 (እ.ኤ.አ.) የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ብርቱ ነው፤ በግል ለመጠቀም ይዞ መገኘትን ራሱ ወንጀል ያደርጋል። ሆኖም በዚያው በ3ኛው አንቀጽ፣ እንዲህ ላለው ሰው አገሮች በቅጣት ፈንታ ሕክምና፣ ትምህርትና ወደ ኅብረተሰቡ የመመለሻ እርዳታ ሊያዙለት እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ጋና በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በዚህ መንገድ ተጉዛለች፤ ለራሱ መጠቀሚያ ይዞ የተገኘውን ሰው ቅጣት ከእስራት ወደ ገንዘብ መቀጮ ለውጣ፣ በነጋዴው ላይ ግን ክንዷን አላላላችም።

በእኛ አገር የሚያስቸግረው የሕክምናው ማነስ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ የኮተቤውን ሆስፒታል የመሰሉ ተጨምረዋል፤ ቢሆንም ከፈላጊው ብዛት ጋር አይመጣጠኑም። ዳኛ «ይታከም» ብሎ ቢያዝ እንኳ አልጋው ከሌለ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ ይሻሻል የሚሉ ወገኖች የሆስፒታሉንም በጀት አብረው ሊጠይቁ ይገባል እንላለን፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

እስከዚያው እናቲቱ የምታውቀው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ልጇን ለአምስት ዓመት ሊወስድባት ይችላል። ሁለተኛው በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ በነጋታውም ልጇን ደግፋ በዚያው ትወጣለች።