ከስም ማጥፋት እስከ ዘር ማጥፋት

ስለ ናዚ ጀርመን ስናነብ ዓይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በታሪኩ መጨረሻ፥ ማለት በኦሽዊትዝ የጋዝ ክፍሎችና በ6 ሚሊዮን አይሁድ እልቂት ላይ ነው። ስለዚህም ነገሩን ጥቂት እብዶች በድንገት ያመጡት መቅሠፍት አድርገን እንገምተዋለን። ከሥሩ ብንመረምረው ግን በየደረጃው የተፈጸመ፥ ለእያንዳንዱም ደረጃ ሕግ አውጪ፥ ጸሐፊና አጨብጫቢ የነበረው ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ መሰላል ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አይሁድን መጥላት ናዚዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። በሃይማኖታቸው ምክንያት በ1290 ከእንግሊዝ አገር፥ በ1492 ደግሞ ከእስፓኝ ተባረዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ጥላቻው ከሃይማኖት ወደ ደም ተሻገረ። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው፤ ሰው ሃይማኖቱን ሊለውጥ ይችላል፥ አያቱን ግን ሊለውጥ አይችልም። ጀርመን በ1918 ከተሸነፈች በኋላ፥ በ1923 ገንዘቧ ዋጋ ባጣ ጊዜ፥ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ችግርም ሚሊዮኖችን ሥራ ፈት ባደረገ ጊዜ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የናዚ ፓርቲም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ጥፋተኛ የተባሉት የጀርመን አይሁድ ከሕዝቡ መቶ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ይሁን እንጂ ጥላቻ ብቻውን ሚሊዮኖችን አይፈጅም፤ የሚያግደው የሌለ መንግሥት ያስፈልገዋል። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር ሆነ። ፌብሩዋሪ 27 የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ የመናገር፥ የመጻፍና የመሰብሰብ መብት በአዋጅ ታገደ። ማርች 23 ቀን ፓርላማው ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን በ444 ድምፅ በ94 ተቃውሞ ለሂትለር መንግሥት አስረከበ። በጁላይም ከናዚ ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ ሁሉ ተከለከለ። በስድስት ወር ውስጥ የጥላቻው ልጓም እንዲህ ወለቀ።

ከዚህ በኋላ መሰላሉ ቀጠለ። በኤፕሪል 1933 አይሁድ ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ። በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች ዜግነታቸውን ገፈፉ፤ ከጀርመኖች ጋር መጋባትንም ከለከሉ። ኖቬምበር 9 ቀን 1938 ሌሊት ምኩራቦች ነደዱ፤ ወደ 30,000 ወንዶች ተያዙ፤ መቀጫ 1 ቢሊዮን ማርክ እንዲከፍሉ የተገደዱትም ተበዳዮቹ ራሳቸው ነበሩ። በሴፕቴምበር 1941 በኪየቭ አጠገብ፥ ባቢ ያር በሚባለው ሸለቆ፥ በ2 ቀን ውስጥ 33,771 አይሁድ ተረሸኑ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 ደግሞ 15 ባለሥልጣኖች በበርሊን ዳር በቫንዜ ተሰበሰቡ። የተነጋገሩት ይገደሉ ወይስ አይገደሉ በሚል ጉዳይ አልነበረም፤ ሥራው በየመሥሪያ ቤቱ እንዴት እንዲከፋፈል ነበር። ከተሰብሳቢዎቹም ከግማሽ የሚበልጡት የዶክተርነት ማዕርግ የነበራቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ጉዳዩ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል። ሜይ 10 ቀን 1933 በየከተማው አደባባይ መጻሕፍት ሲቃጠሉ፥ ቃጠሎውን ያዘጋጀው የመሃይማን ጭፍራ ሳይሆን የጀርመን ተማሪዎች ማኅበር ነበር። እንግዲህ ትምህርት ብቻውን ከክፋት አያድንም። ነገር ግን በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ «ነጭ ጽጌረዳ» የተባሉት ጥቂት ተማሪዎች በማባዣ መኪና ወረቀት እያባዙ በተኑ፤ በአንደኛውም በፖሎኝ ስለሚገደሉት አይሁድ ገልጸው ጻፉ። ሐንስ ሾልና እኅቱ ሶፊ ሾል ከጓደኛቸው ከክሪስቶፍ ፕሮብስት ጋር ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1943 አንገታቸው ተቆረጠ። እሳት የለኮሱትም፥ ወረቀት የበተኑትም እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ።

«ጄኖሳይድ» የሚለውን ቃል ራፋኤል ሌምኪን በ1944 አሳተመ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ወንጀሉን የሚከለክለውን ስምምነት ዲሴምበር 9 ቀን 1948 ተቀበሉ። ስምምነቱን ከሁሉ አስቀድማ ጁላይ 1 ቀን 1949 ያጸደቀች አገራችን ኢትዮጵያ ናት። ይህ ያኮራናል፤ ግዴታም ይጥልብናል። ፊርማ ብቻውን እልቂትን እንደማያግድ በ1994 በሩዋንዳ ታይቷል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? መሰላሉ የሚጀምረው ከጋዝ ክፍል ሳይሆን ከቃል ነው፤ አንድን ሕዝብ በጅምላ ከሚያዋርድ ስም፥ ሳንመረምር ከምንስቅበት ቀልድ፥ «እኔን አይነካኝም» ከማለት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድ ተማሪ «ይህ ሐሰት ነው» ቢል የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው፤ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ግን አንገቱን ያስከፍለዋል። አባቶቻችን «ነግ በኔ» ያሉት፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለዚህ ነው። ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እንጠቀምበት።