ከምጣዱ ጀምሪ

ልጄ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ገብተሽ «ኮንጁጌት ሂት ትራንስፈር የሚሉትን በኮምፒውተር ልሠራ ነው፤ በምን ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንደ ሽማግሌ ወጉ እየቆጠርኩ ልንገርሽ።

1. የመጀመሪያ ሞዴልሽ የአውሮፕላን ሞተር አይሁን። መርሳ ከተማ እናትሽ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃል። ሽቦው ይግላል፤ ሙቀቱ በሸክላው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሊጡና አየሩ ይቀበሉታል። ጠጣሩ የሚያሳልፈውንና ፈሳሹ ይዞት የሚሄደውን ሙቀት ባንድ ላይ ማስላት ነው፣ ስሙን ያከበዱት ነገር። ሁለቱ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ የሙቀት መጠናቸው እኩል ነው፤ ከአንዱ የወጣው ሙቀት ሁሉ ወደ ሌላው ይገባል። ምጣድ ብሎ የሚስቅብሽ ካለ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በፀሐይ ኃይል በተገኘ እንፋሎት እንጀራ መጋገርን ማጥናታቸውን ንገሪው።

2. ሶፍትዌሩን ከመክፈትሽ በፊት እርሳስ ያዢ። ሸክላው 20 ሚሊሜትር ቢወፍር ካሬው 400 ነው። ሙቀት በሸክላ ውስጥ የሚሰራጭበት ልክ በሴኮንድ 0.4 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው እንበል። አካፍዪው፤ ሙቀቱ ሸክላውን አልፎ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ይመጣልሻል፦ 1000 ሴኮንድ፣ ከሩብ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ። እናትሽ ምጣዱን ጥዳ ሊጥ ከማፍሰሷ በፊት የምትጠብቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ካለሽ ወይም ግማሽ ደቂቃ ካለሽ፣ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ። ሌላም አለ፦ ከአንድ እንጀራ 100 ግራም ውሃ ቢተን 226 ኪሎጁል ይፈልጋል፤ 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ይህን በ65 ሴኮንድ ያመነጫል። እንጀራው ከዚያ በላይ ከቆየ ቀሪው ሙቀት የት ገባ? ሊጡንም እንጀራውንም በሚዛን መዝኚና ትክክለኛውን ግራም አስገቢ።

3. የሶፍትዌር ምርጫ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ኦፕንፎም ነጻ ነው፤ ኮዱም ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። አንሲስ ለተማሪ የሚሰጠው ነጻ ቅጂ የሜሽ (ቅርጹን የሚከፋፍለው መረብ) ገደብ ቢኖረውም ለምጣድ አያንስም። አጠገብሽ ያለ ሰው የሚያውቀውን ያዢ።

4. ይቺን አጥብቀሽ ያዢ፤ እኔ በውርደት ነው የተማርኳት። በጎልማሳነቴ የአንድ ማሽን ማቀዝቀዣ አስልቼ፣ ባለቀለም ሥዕሉን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ብረቱ ቀልቷል፣ አየሩ ሰማያዊ ነው፤ ደስ ይላል። አንድ ቴክኒሺያን እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ ታዲያ ሙቀቱ የት ሄደ?» አለኝ። ለካ ብረቱንና አየሩን ለየብቻ ስዬ ድንበራቸውን ሳላገናኝ ቀርቻለሁ፤ ሶፍትዌሩም ሙቀት እንደማያሳልፍ ግድግዳ ቆጥሮታል። ለብረቱ ቋሚ የሙቀት መጠን ስለሰጠሁት ስሌቱ አንድም ስህተት ሳያሳይ ተጠናቀቀ። ስለዚህ ሥዕሉን ከማየትሽ በፊት ሂሳቡን ጠይቂ፦ ምጣዱ ሙቀቱ ከረጋ በኋላ በሽቦው የገባው 3500 ዋት ከላይ፣ ከጎንና ከታች ከሚወጣው ድምር ጋር ካልገጠመ፣ ሥዕሉ የግድግዳ ጌጥ ነው።

5. ወልድያ ከባሕር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አንሲስ ሳይነገረው የሚወስደው የአየር እፍጋት 1.225 ኪሎግራም በሜትር ኩብ የባሕር ዳርቻ ነው፤ እኛ ጋ ወደ 1 ይወርዳል። ውሃም በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መርሳ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፤ የሁለቱንም አስሊ።

6. ሜሹን ድንበሩ አጠገብ፣ በአየሩ በኩል አጥብበሽ ሥሪ። አየር በሴኮንድ ይለወጣል፣ ሸክላ በደቂቃ፤ የጊዜ እርምጃሽን በዚያ ልክ ምረጪ። መብራት ሲሄድ የሌሊት ሥራሽ አብሮ እንዳይሄድ በየጊዜው አስቀምጪ።

7. ከዚያ ለኪ። ቴርሞከፕል ያለው ቴስተር ተውሰሽ መሐሉንና ጠርዙን በየደቂቃው መዝግቢ፤ አክንባሎው ተከድኖም ተከፍቶም። ከጤፉ ሌላ የአካባቢውን የማሽላ ሊጥም ሞክሪ። ብቻ ጋገራ በሚበዛበት ቀን አትሂጂ፤ ሽቦ ይዘሽ ምጣዱ ላይ ስታንዣብቢ እናትሽ በማሰሻው ነው የምታባርርሽ።