ያልታተመ ዕውቀት፦ የአይዛክ ቤክማን መዝገብና የወዳቂ አካላት ሕግ

በሳይንስ ታሪክ አንድ ግኝት በአብዛኛው የሚታወሰው ባሳተመው ሰው ስም ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ዐሳቡን በማስታወሻ መዝገብ አስፍሮ ለኅትመት ያላበቃውን ኔዘርላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ አይዛክ ቤክማንን (1588–1637) መነሻ በማድረግ፣ ያልታተመ ማስታወሻ ስለ ግኝት ባለቤትነት ምን ሊመሰክር እንደሚችል ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤክማን በሚድልበርግ ተወልዶ በላይደን ተማረ። በዚሪክዜ ከተማ ሻማ በመሥራትና የውኃ ቧንቧ በመዘርጋት ከኖረ በኋላ በ1618 ከፈረንሳዩ የካን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ ከ1627 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱም የዶርድሬክት የላቲን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። የእጅ ሙያው ከፊዚክሱ የተለየ አልነበረም። ውኃ በፓምፕ የሚወጣው ተፈጥሮ ባዶነትን ስለምትጠላ ሳይሆን አየር በክብደቱ ስለሚጫነው እንደሆነ ተገንዝቧል። አንድ ጊዜ የተንቀሳቀሰ አካል የሚያግደው እስከሌለ ድረስ መንቀሳቀሱን እንደማያቆምም ጽፏል።

በኖቬምበር 1618 ቤክማን በብሬዳ ከተማ ከወጣቱ ረኔ ዴካርት ጋር ተዋወቀ፤ አንድ ጥያቄም አቀረበለት። ምድር በባዶ ቦታ የሚወድቅን ድንጋይ ያለማቋረጥ ብትስበው፣ ድንጋዩም ያገኘውን ፍጥነት ባያጣ፣ በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል ይወርዳል? ዴካርት ጥያቄውን በሦስት ማዕዘን ስፋት አሰላው። በቤክማን መዝገብ የሰፈረው መልስ ትክክለኛ ነው፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል። በዴካርት የራሱ ጽሑፍ ግን የሦስት ማዕዘኑ ጎን የሚወክለው ጊዜን ሳይሆን ርቀትን በመሆኑ ውጤቱ ይለያል። እንግዲህ መልሱ የአንዱ የፊዚክስ መነሻና የሌላው ስሌት ሲገናኙ የተገኘ ነው። ጋሊሌዮ ሕጉን ያብራራባቸው መጻሕፍት የታተሙት በ1632 እና በ1638 ነው።

ዴካርት በ1618 ስለ ሙዚቃ የጻፈውን ድርሰት ለቤክማን አበርክቶለት ሳለ፣ በ1630 ግን ከእርሱ ምንም እንዳልተማረ በደብዳቤ ገለጸ። ከቤክማን ሞት በኋላ ወንድሙ አብርሃም ከማስታወሻዎቹ ጥቂቱን በ1644 አሳተመ። መዝገቡን ኮርኔሊስ ደ ዋርድ በ1905 በሚድልበርግ አገኘው፤ ከ1939 እስከ 1953 ባሉት ዓመታትም በ4 ቅጾች ታተመ።

ቤክማን ሕጉን በሙከራ ስላላረጋገጠና ለሌሎች ሊቃውንት ምርመራ ስላላቀረበ ብቸኛ አግኚ ሊባል አይገባም። ይሁን እንጂ መዝገቡ የዴካርትን ክህደት የሚያስተባብል የጽሑፍ ምስክር ነው። ባለቤትነትን በኅትመት ቀን ብቻ የሚለካ ታሪክ፣ ጥያቄውን ያነሣውን ሰው ድርሻ ከነአካቴው ይሰርዛል።